ካልሲው ተጣሞ ነበር፦ ትንንሽ ልጆች ስላሉበት ቤት

እንደምን ዋላችሁ። ሕፃን ታቅፋችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ ደስ ብሎኛል። ልጅ ቢያለቅስ ማንም ተሸማቆ እንዳይወጣ። የመጣነው ስለ እነሱ ልናወራ ነው።

ከአንድ ጠዋት ልጀምር።

ከቤት ለመውጣት 10 ደቂቃ ቀርቶናል። ትንሹ ልጄ 14 ወሩ ነው። የልብሱን መሳቢያ ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣ ወለሉ ላይ ይጥላል። ባለቤቴ በአንድ እጇ ቦርሳዋን፣ በሌላው ዳይፐር ይዛ ቁልፍ ትፈልጋለች። ጠረጴዛው ላይ ወተት ተደፍቷል፤ እስካሁን የጠረገው የለም። ትልቋ ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ የቀኙን ጫማ ግራ እግሯ ላይ ለማጥለቅ ትታገላለች።

"ነይ እኔ ላድርግልሽ" አልኳት።

"እኔ ራሴ!"

ሰዓቴን አየሁ። ትንሽ ጠበቅኩ። "በይ ቶሎ በይ፣ ረፈደብን" አልኳት። ጫማውን ወርውራ እግሯን ሰበሰበች። "እኔ ራሴ አልኩህ!"

እግሯን ያዝኩና ጫማውን በግድ አስገባሁት። "በቃ!" ብዬ ጮኽኩባት። ቃሉ ከባድ አይደለም። ድምፄ ግን ከባድ ነበር። አላለቀሰችም። ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። መንገዱን ሙሉ እጄን ይዛ ሄደች፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሌላ ቀን ድመት ባየች ቁጥር የምታስቆመኝ ልጅ ናት።

ያ ዝምታ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል እንዲህ ያለ ጠዋት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የሁለት ልጆች እናት የሆነች ጓደኛችን በቅርቡ "ልጆቼን የምወዳቸው ሲተኙ ብቻ ይመስለኛል፤ ምን ዓይነት እናት ነኝ?" ብላ ጠየቀችን። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ባለቤቴ "የደከመች እናት ነሽ" አለቻት። ከዚያ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም።

እኔም ልነግራችሁ የመጣሁት ከዚሁ የራቀ አይደለም። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት መተረማመሱ አይቀርም። ልጆቹ የሚያድጉት በዚያው ትርምስ ውስጥ ነው። እኛም እንሳሳታለን፤ እንጮሃለን፤ ትዕግሥታችን ያልቃል። ከዚያ በኋላ ወደ ልጁ መመለሳችን ግን ትልቅ ነገር ነው። እንዴት እንደምንመለስ ላወራ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ግን ልጆቹን እንያቸው።

ወደ በሩ እንመለስ። የሦስት ዓመት ልጅ ሰዓት አታውቅም። "ረፈደብን" ስላት ድምፄ መቸኮሉን ትሰማለች፤ መርፈድ ምን እንደሆነ ግን አይገባትም። ለእሷ ያለፈው ሁሉ "ትናንት" ነው፤ ገና ያልመጣው ሁሉ "ነገ" ነው። ፊቷ ያለው ጫማ ግን በእጇ የምትይዘው ነገር ነው። ቀዳዳ አለው፣ ማሰሪያ አለው፣ እግሯ ደግሞ አልገባ ይላታል። ሥራ ላይ ናት። እኔ ከሥራዋ መሃል ነጥቄ ነው ያስነሳኋት።

የሰው አንጎል ሲወለድ የአዋቂውን አንጎል ሩብ ያህላል። በሦስት ዓመቱ 80 በመቶ፣ በአምስት ዓመቱ 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህን ያህል ይሮጣል ማለት ነው። ከግንባር ጀርባ ያለው ክፍል ግን ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። "ቆይ" የሚለን፣ ንዴትን የሚገታው፣ ከአንዱ ጉዳይ ወደ ሌላው የሚያሻግረን እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ሰው ወደ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ሲደርስ ነው። ልጆቻችን ሞተሩ ተነስቷል፤ ፍሬኑ ገና አልተገጠመም። እስከዚያ ድረስ ፍሬናቸው እኛ ነን። የእኛ ፍሬን የተበጠሰ ቀን ቤቱ ውስጥ ማንም ፍሬን የለውም። በዚያ ጠዋት የሆነው ይህ ነው።

"ሆን ብሎ ነው የሚያናድደኝ" የሚል ወላጅ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እኔም ብያለሁ። ትንሹን ልጄን ሳየው ግን ልክ አይመስለኝም። ማንኪያውን ከወንበሩ ላይ ይጥላል። አነሳለታለሁ። መልሶ ይጥላል። ዓይኑን ስታዩት ማንኪያውን እየተከተለ ነው። ሲወድቅ ኳ ይላል፤ ሁሌም ወደ ታች ይሄዳል፤ አባቱም ሁሌ ያነሳዋል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ስለ ሕፃናት አስተሳሰብ ብዙ ያስተማረን የራሱን ሦስት ልጆች እንዲህ ቁጭ ብሎ እያየና እየጻፈ ነው። እቃ ሲጥሉ፣ የተሸፈነ ነገር ሲፈልጉ፣ ሁሉንም መዝግቧል። እርግጥ ማንኪያውን ለአሥረኛ ጊዜ ስታነሱት ወገባችሁ ያማችኋል። ጨዋታው አለቀ ብላችሁ ማንኪያውን ብታስቀምጡት ምንም ነውር የለበትም። ልጅን መረዳትና ሁሉን መፍቀድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

"ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ይባላል። እውነት ነው፣ ለእራት አይበቃም። ግን ልጁ እያቦካ ነው። ልጄ ልብስ ልታጥፍ አብራኝ ስትቀመጥ ሥራው በእጥፍ ይረዝማል። ያጠፈችውን በኋላ ተደብቄ አስተካክለው ነበር። አንድ ቀን አየችኝ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ካየሁ ወዲህ እንዳጠፈችው ነው የማስቀምጠው። የተጨማደደ ልብስ ማንንም አልጎዳም።

አሁን መሬት ላይ ተዘርሮ ስለ መንፈራፈሩ እናውራ። ሁላችሁም የምትፈሩት ሰው መሃል ሲሆን ነው። ልጁ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይጮሃል፣ ይራገጣል። ሰው ዞሮ ያያችኋል። ላብ በላብ ትሆናላችሁ። በዚያች ቅጽበት የምናስበው ስለ ልጁ አይደለም፤ ስለሚያየን ሰው ነው። የሚያየን ሰው ባይኖር ብዙዎቻችን ሌላ ዓይነት ወላጅ ነን ብዬ አምናለሁ።

ማይክል ፖቴጋል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንን በደንብ አጥንቶታል። ጥናታቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ወላጆች ነገሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሆነ አስጻፏቸው። ከአራት ሦስቱ በ5 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያለቀ ነበር። በብዛት የታየው ደግሞ ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ የቆየው ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን አላመንኩም። እኔ ግማሽ ሰዓት ይመስለኝ ነበር።

እኔን ይበልጥ የጠቀመኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። ንዴቱ ከፍ የሚለው መጀመሪያ ላይ ነው። ጩኸቱ፣ ርግጫው፣ መወርወሩ ያኔ ነው። ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሐዘኑ ይቀራል። ለቅሶው ይለሰልሳል፤ ልጁ ሰው ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተቃራኒውን ነበር የማደርገው። ንዴቱ ሲነድ ምክር እደረድራለሁ፤ "ለምንድነው? ምን ሆነሽ ነው? ትናንት ተነጋግረን አልነበር?" እላለሁ። ወደ ሐዘኑ ስትወርድ ደግሞ ተናድጄ ፊቴን አዞራለሁ። አሁን በመጀመሪያው ክፍል ብዙ አልናገርም። ራሷን እንዳትጎዳ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ዝቅ እላለሁ። "አለሁ" እላታለሁ፤ በቃ። የለቅሶዋ ድምፅ ሲቀየር እጄን እዘረጋለሁ። አንዳንዴ ትገፋኛለች። ብዙ ጊዜ ግን ትመጣለች። እምቢ ያልኩት ነገር እምቢ እንዳልኩት ይቆያል፤ አቀፍኳት ማለት ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት አይደለም።

ሰው ሲያያችሁ ምን ትሉታላችሁ? ምንም። ዓይናችሁን ልጁ ላይ አድርጉ። የሌላ ሰው ልጅ እንዲህ ሲሆን ያያችሁ እንደሆነ ደግሞ ለእናቲቱ ፈገግ በሉላት። ወይም የወደቀውን ቦርሳዋን አንሱላት። አንድ ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ምንም ሳይናገር የያዝኩትን እቃ ተቀብሎኝ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሌሊቱን ልዝለለው ብል ገና የወለዱት ይታዘቡኛል።

ልጃችን እንደተወለደች ሰሞን ከሌሊት ለቅሶ በኋላ የነጋ ይመስለኝ ነበር፤ ሰዓቱን ሳየው ግን ያለቀሰችው ለአንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ። የአሜሪካው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዘልተን እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ጥናት 80 ሕፃናት በየቀኑ ምን ያህል እንደሚያለቅሱ እናቶቻቸው እንዲመዘግቡ አድርጎ ነበር። ለቅሶው በየሳምንቱ እየጨመረ ሄዶ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ በቀን ወደ ሁለት ሰዓት ከሦስት ሩብ ይሆናል። ከዚያ እየቀነሰ ይመጣል። ጤነኛ ሕፃናት ናቸው እነዚህ። ምንም ያልሆኑ፣ ጡት የጠገቡ፣ ዳይፐራቸው የተቀየረላቸው። በስድስተኛው ሳምንት "እናትነት አልቻልኩበትም" ብላ የምታለቅስ ሴት ካለች እባካችሁ ይህን ንገሯት። ጊዜው ነው። ያልፋል።

እዚህ ላይ ግን ትንሽ ልቁም፤ የሰው ሕይወት የሚተርፍበት ጉዳይ ነውና። ሕፃኑ አልተው ብሎ ደማችሁ ሲፈላ፣ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሕፃኑን አልጋው ላይ በጀርባው አስተኙትና ከክፍሉ ውጡ። በሩን ዝጉ። ውሃ ጠጡ። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ተመለሱ። ብቻውን አልቅሶ ሕፃን አይጎዳም። በንዴት ከተነቀነቀ ግን ይጎዳል። ለጥቂት ሰከንድ በኃይል መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማ፣ ዓይኑን ሊያጠፋ፣ ሊገድለውም ይችላል። ይህን ልጁን ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ ንገሩ፤ ለአያት፣ ለአጎት፣ ለሞግዚት። "ከአቅሜ በላይ ሆነ" ብሎ ክፍሉን ለቆ የወጣ ሰው ልጁን ጠብቋል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ሐዘን ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከሕፃኑ ጋር መሆን ካስፈራችሁ ወይም ራሳችሁን ለመጉዳት ካሰባችሁ ደግሞ ለሐኪም ንገሩ። ይህ ሕክምና ያለው ሕመም ነው፤ አባቶችንም ይይዛል።

ስለ እንቅልፍ ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት ይላል። ማታ ላይ ያለ ምክንያት የሚነጫነጭ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን ቁጠሩ። እዚያው መመሪያ ላይ ስክሪንም አለ። ሁለት ዓመት ላልሞላው ባይሰጠው፣ ከሁለት እስከ አራት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ ይመክራል። ልካችን ይሄ ነው። ልጃችሁ ታሞ፣ እናንተም ታማችሁ ያን ልክ ያለፋችሁበት ቀን ካለ ግን ያን ቀን ተዉት።

የተዝረከረከውንና አደገኛውን መለየት ደግሞ ብዙ ጉልበት ያተርፋል። የተደፋ ወተት፣ ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል፣ ወለል የሞላ መጫወቻ ይቆያል። የማይቆዩ አሉ። ትኩስ ውሃና ሻይ ከጠረጴዛ ጠርዝ ይራቅ። መድኃኒት ይቆለፍበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሪሞትና መጫወቻ ውስጥ የሚገባውን ያን ክብ፣ ሳንቲም መሰል ትንሽ ባትሪ ተጠንቀቁ። ልጅ ውጦት ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሩጡ። እኔ ቤት ገብቼ መጀመሪያ የማየው የባትሪ ክዳኖችን ነው። ወለሉን ከዚያ በኋላ አየዋለሁ።

ባለቤቴ አንድ ጊዜ ያለችኝን ልጨምር። ልብስ አጥቤ፣ እቃ አጥቤ "ዛሬ ብዙ አገዝኩሽ" አልኳት። "አገዝከኝ?" አለች። ከዚያ ዝም ብላ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። የክትባቱ ቀን መቼ እንደሆነ። የትልቋ ጫማ እየጠበባት መሆኑ። ዳይፐር ስንት እንደቀረ። ትንሹ የትኛው ሽሮፕ እንደሚያስመልሰው። እነዚህ ሁሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ጭንቅላት ውስጥ አንዱም አልነበረም። እጄ እንጂ ሐሳቤ አልደከመም ነበር። ከዚያ ወዲህ ክትባትና ልብስ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነዋል፤ እኔ አስባለሁ፣ እኔ አስታውሳለሁ፣ እኔ እፈጽማለሁ። አባቶች፣ "ምን ላድርግ?" ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። ሳይነገሩ ማወቅ ግን እውነተኛ ዕረፍት ይሰጣታል። ብቻችሁን የምታሳድጉ ደግሞ ይህንን ሁሉ በአንድ ጭንቅላት ነው የምትሸከሙት። የምታደርጉት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በልኩ የሚነግራችሁ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልመለስ፤ አልጨረስኩትም።

ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንድ ሙከራ ሠርቷል። እናት ከሕፃኗ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ትጫወታለች። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን ድንጋይ ታደርጋለች። አትስቅም፣ አትናገርም። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይልላታል። ድምፅ ያወጣል፤ እጁን ይዘረጋል። የሚያውቀውን መላ ሁሉ ይሞክራል። መልስ ሲያጣ ፊቱን ያዞራል፤ ሰውነቱ ይላላል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። በመጨረሻ እናትየው ትመለሳለች፤ ታናግረዋለች። ሁለቱም ቀስ እያሉ ይገናኛሉ። ሙከራውን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ ድንጋዩ ፊት ነው። ትሮኒክ ራሱ ግን ረጅም ዘመን ያጠናው መመለሱን ነው። ጤነኛ፣ የሚዋደዱ እናትና ልጅ እንኳ እየተጫወቱ በትክክል የሚገጣጠሙት ከጊዜው 30 በመቶውን ገደማ ብቻ ነው። በቀረው ይተላለፋሉ፤ አንዱ ሲስቅ ሌላው ዞሯል። ይተላለፉና ይገናኛሉ፤ ቀኑን ሙሉ። ልጁ የሚማረው ከዚያ ነው፤ የተበላሸ ነገር እንደሚጠገን።

ከእሱ በፊት እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት በሬዲዮ ለእናቶች ይናገር ነበር። "በቂ እናት" የሚለው ሐሳብ የእሱ ነው። እናት መጀመሪያ ላይ ለሕፃኗ ፍላጎት ሁሉ ፈጥና ትደርሳለች። ልጁ ሲያድግ ግን በትንሽ በትንሹ ትዘገያለች፣ ትስታለች፤ ልጁም ያችን ትንሽ ጉድለት እየቻለ ይጠነክራል። ፍጹም የሆነች እናት ብትኖር ይህን ዕድል ትነፍገው ነበር። ይህን ሐሳብ ለአባትም ወስጄዋለሁ።

ያን ቀን ማታ ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አሻንጉሊቷን እያለበሰች ነበር። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ እያየሁ አላደግኩም፤ ቃሉ አፌ ላይ ከበደኝ። "ጠዋት ጮኽኩብሽ" አልኳት። "እግርሽንም በግድ ያዝኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ።" ስላናደድሽኝ ነው አላልኩም። ስለረፈደብኝ ነው አላልኩም። ሁለቱም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ፤ ዋጥኳቸው።

ቀና ብላ አላየችኝም። የአሻንጉሊቷን እጅ በእጅጌው ውስጥ አሳለፈችና እንዲህ አለች፦

"ካልሲው ተጣሞ ነበር።"

ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። የካልሲው ስፌት ከጣቷ ሥር ገብቶ ይቆረቁራት ነበር። ጫማውን የምታወልቀውና የምታጠልቀው ለዚያ ነው። እሱን ለመናገር ቃሉ ጠዋት አልመጣላትም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። "ቶሎ በይ" ብቻ ነው ያልኩት።

ወዲያው ጉልበቴ ላይ ወጥታ አልተቀመጠችም። ይቅርታ ስለጠየቅኩ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አልተስተካከለም። አሻንጉሊቷን ሰጠችኝ፤ ካልሲ እንዳደርግላት። ስፌቱን አስተካክዬ አደረግኩላት። እሷ ጣቷን አስገብታ አረጋገጠች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ላይ 10 ደቂቃ ቀድመን እንነሳለን። ሁልጊዜ አይሳካልንም። ባለፈው ሳምንት ጮኽኩ፤ ማታ እንደገና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ ጠዋት ግን፣ ወደ እናንተ ከመምጣቴ በፊት፣ በሩ አጠገብ ሆኜ ጠበቅኳት። ካልሲዋን ራሷ አስተካከለች። ጫማዋን ራሷ አጠለቀች፤ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። ምንም አላልኩም። ወንድሟን ታቅፌ ተከተልኳት። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ እግሯን አየች።

"ባባ፣ ይሄኛው የዚያኛው ነው" አለችኝ። ቁጭ አለችና ማውለቅ ጀመረች።